ሐይቅ ተብሎ ስለ ተመዘገበልን ነገር

ለአገር አቀፍ የልማት ዕቅድ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና መፍራትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ ያልተቆራረጠ፣ ቢሮዎም እንደ ሰማሁት በሰባተኛው ፎቅ ላይ የሚገኝ እንደመሆኑ ከማንኛውም ዓይነት ጎርፍ የራቀ ሆኖ እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። የእኛን ደህንነት ማወቅ ከፈለጉ፣ ይህን ደብዳቤ መጻፍ እስከ ጀመርኩበት እስከ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስላለው ግን ኃላፊነት ወስጄ መናገር አልችልም።

እኔ ከማዕድን ማጠቢያው ፋብሪካ በታች ባለው ሰፈር የምኖር፣ አርባ አንድ ዓመት ድንጋይ ስጠርብና ስገነባ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ግንበኛ ነኝ። ደብዳቤ መጻፍ ሙያዬ አይደለም። ባለቤቴም «አንተ ስትቆጣ የእጅ ጽሕፈትህ ራሱ ይጮኻል፣ በትሕትና ጻፍላቸው» ብላ ስላስጠነቀቀችኝ፣ ይህን ወረቀት አሁን ስገለብጠው ሦስተኛዬ ነው። ቁጣውን በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ትቼው መጥቻለሁ፤ ፍርሃቱን ግን ልተወው ብል አልተቻለኝም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመት ስላለፋት፣ ፍርሃቴን የሚረከበኝ ሰው ሳፈላልግ እርስዎን አገኘሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና እርስዎ ጋ ሳይደርስ ሌላ ሰው ሊያነበው ስለሚችል፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከሰፈራችን በላይ፣ በኮረብታው ወገብ ላይ፣ ድንጋይ ፈጭቶ በውሃና በኬሚካል እያጠበ ማዕድን የሚያወጣ ፋብሪካ አለ። ማዕድኑ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ዝቃጭ የትም ስለማይሄድ በአንድ ግድብ ኋላ ይጠራቀማል። የግድቡን የታችኛውን ክፍል፣ ማለትም የድንጋዩን ግንብ፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ዐሥራ ስምንት ግንበኞች ይዤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከግንቡ ሥር ሁለት መቶ ሠላሳ እርምጃ ወረድ ሲሉ የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ይገኛል። እዚያ የምታስተምረው የበኩር ልጄ ናት፤ እዚያው የምትማረው ደግሞ፣ ሁለት እግሯ መሬት ላይ አብሮ ስለማያርፍ ፌንጣ ብለን የምንጠራት፣ ሦስት ዓመት የሞላት የእሷው ልጅ፣ የልጅ ልጄ ናት። የምጽፍልዎ ስለዚህ ነው፤ ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።

አቤቱታ ማቅረብ ዕድገትን እንደ መቃወም ሊቆጠር እንደሚችል ስለ ተነገረኝ፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ምስጋናዬን ብቻ ነው።

፩ኛ. ሐይቅ ስለ ሰጡን እናመሰግናለን። አምና አዲሱ የአምስት ዓመት ዕቅድ ለሰፈሩ ነዋሪ በተብራራ ጊዜ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጡት ወጣት ባለሙያ በቀይ ብርሃን እየጠቆሙ ግድግዳው ላይ የሚዛን ሥዕል አሳዩን። በአንደኛው ሳህን ዕድገት፣ በሌላኛው ተፈጥሮ ተቀምጠው፣ መርፌው ቀጥ ብሎ መሃል ላይ ቆሟል። እኛም አጨበጨብን፤ መርፌ መሃል ላይ ሲቆም ማን ይጠላል። ከዚያ የዕቅዱ መጽሐፍ ታደለን። እኔ ሥራ የፈታሁ ጡረተኛ በመሆኔ፣ ያንን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ካነበቡ ጥቂት ሰዎች አንዱ ሳልሆን አልቀርም፤ በገጽ መቶ ዐሥራ አራት ላይ የእኛን ሰፈር የሚመለከት ሠንጠረዥ አገኘሁ። በዕድገት ረድፍ «የፋብሪካው የማምረት አቅም በእጥፍ ያድጋል» ይላል። ፊት ለፊቱ፣ በአካባቢ ጥበቃ ረድፍ ደግሞ «አዲስ የተፈጠረ የውሃ አካል፦ አንድ፤ ስፋት ዐሥራ ዘጠኝ ሄክታር» ይላል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ፣ ምላሱን ከመቀሱ እኩል የሚያሠራው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ተነሥቶ «እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ነው የሸበትኩት፤ ይቺ ሐይቅ የምትሏት በየት በኩል ናት? ልጆቼን ወስጄ ላሳያቸው» ብሎ ጠየቀ። ባለሙያው ካርታቸውን ዘርግተው ጣታቸውን ሲያሳርፉ፣ ጣታቸው ያረፈው በዝቃጩ ማጠራቀሚያ ላይ ነበር። ባለሙያውም ጣታቸውን ቀስ ብለው አነሡ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ያው አንድ ጭቃ በዕድገት ሳህን ላይ የፋብሪካው የዝቃጭ ማቆያ፣ በተፈጥሮ ሳህን ላይ ደግሞ ሐይቅ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። እኔ አርባ አንድ ዓመት ስገነባ አንዱን ድንጋይ በሁለት ግድግዳ ላይ ማስቀመጥ አንድም ቀን አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ችሎታውን ሳላደንቅ አላልፍም። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ስላለችው ክንፏን የዘረጋች ወፍ ከጠየቁኝ፣ በሐይቃችን ላይ እስከ ዛሬ ያረፈችው አንዲት ዳክዬ ብቻ ናት፤ እሷም አልተነሣችም። በዕቅዱ አነጋገር ቋሚ ነዋሪ ሆናለች ብሎ መመዝገብ ይቻል ይሆናል። ለመዝናኛ ተብሎ በግድቡ አናት ላይ የተተከሉት አራት አግዳሚ ወንበሮችም ደርሰውናል፤ የግድቡ ዘበኛ አንዱ ላይ ጋደም ይልበታል።

፪ኛ. ስለ ችግኞቹ እናመሰግናለን። ምርቱ ሲጨምር ዝቃጩም ስለሚጨምር፣ ስድስት ሜትር እንዲሆን የተነደፈው ግድብ በአፈር እየተደለደለ ሦስት ጊዜ ከፍ ተደርጎ፣ ዛሬ ዐሥራ አራት ሜትር ደርሷል። ሦስተኛው የአፈር ሙሊት ሲያበቃ፣ ራቁቱን የቀረው አፈር ለዐይን ስለማያምርና የተፈጥሮው ሳህንም ትንሽ ቀለል ስላለ፣ በግድቡ ጀርባ ላይ ሁለት ሺህ አራት መቶ ችግኝ በአንድ ቀን ተተከለ። ማርሽ ባንድ መጥቶ ነበር። በሙያችን ጀማሪ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ፣ ውሃ በያዘ አፈር ላይ ዛፍ እንደማይተከል ነው፤ ሥሩ ለውሃ መንገድ ይከፍታል፣ ሥሩ ሲደርቅ ደግሞ ቦታውን ቱቦ አድርጎ ትቶለት ይሄዳል። ይህንኑ ቀረብ ብዬ ለተከላው አስተባባሪ በጆሯቸው ብነግራቸው፣ ድምፅ ማጉያውን ሳያጠፉ «አባት፣ በእርስዎ ዕድሜ አረንጓዴ ነገር መጥላት አያምርብዎትም» አሉኝ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ችግኞቹ አንድም ሳይደርቁ ጸድቀዋል፤ ሲጎመሩ ለጉድ ነው፣ እግራቸው ሥር የማይነጥፍ ውሃ አለና። ዕድገትና ተፈጥሮ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሠሩ በዐይኔ ያየሁት በዚህ ቦታ ነው፤ የሚሠሩት ግድቡን መቅደድ መሆኑ ብቻ ነው ያሳሰበኝ።

፫ኛ. ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ መስታወቶቹ ነው። ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ስለሆነ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ።

ግንብ የሚሰነጠቀው በሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሞተ ስንጥቅ ነው፤ ግንቡ አንድ ጊዜ ተንጠራርቶ ቦታውን ከያዘ በኋላ የቀረ ጠባሳ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም። ሌላው በሕይወት ያለ ስንጥቅ ነው፤ ዕለት ዕለት ይሰፋል። ሁለቱ በዐይን አይለዩም። ስለዚህ ሙያውን ያስተማሩን ሰዎች ያወረሱን አንድ ዘዴ አለ፦ ከመስኮት መስታወት ላይ ጣት የምታህል ስስ ቁራጭ ይቆረጥና ስንጥቁን አሻግሮ በሁለቱም ዳር በጀሶ ይለጠፋል፤ ቀኑም አጠገቡ ይጻፋል። መስታወት አይለመጥም፣ አይሳብም። ግንቡ የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ቀጭ ይላል። መስታወቱ ደህና ከሆነ ግባና ተኛ፤ ከተሰበረ ልጆችህን ይዘህ ውጣ ነው ነገሩ።

እኔ ከሁለት የድሮ ባልደረቦቼ ጋር ሆኜ፣ አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሌላው በአንድ ዐይኑ ብቻ ነው የሚያየው፣ እንግዲህ ሦስታችን ተደምረን አንድ ጤነኛ ግንበኛ ይወጣን ይሆናል፣ በግንባችን ላይ በወጡት ሰባት ስንጥቆች ላይ ሰባት መስታወት ለጠፍን። ዘበኛው አይቶ እንዳላየ ሆነልን፤ ቤቱ ከእኔ ቤት ሁለት በር ዝቅ ብሎ ነው ያለው። በሦስተኛው ቀን አንዱ ተሰበረ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ተከተሉ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ከሰባቱ አምስቱ ተሰብረው ነበር። አምስተኛውን ያየሁበት ጠዋት እርስዎ በላኩልን አግዳሚ ወንበር ላይ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ ተቀመጥኩ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቄ አውቃለሁ፣ ጉድጓድ ተደርምሶብኝም በሰው እጅ ተቆፍሬ ወጥቻለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት ግን ፈርቼ አላውቅም። 

ነገሩን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አመለከትኩ። ለምስጋና የሚበቃው ክፍል እዚህ ላይ ነው፦ በአራተኛው ቀን በሦስት መኪና አጣሪ ቡድን መጣ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ የራስ ቁር አድርገዋል፣ ጓንት አጥልቀዋል፣ እኔንም አባባ እያሉ በአክብሮት አናግረውኛል። የተሰበሩትን መስታወቶች አንድ በአንድ ፎቶ አንሥተው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከንፈር ሲመጡ ሳይ ገባቸው ብዬ ልቤ አረፈ፤ ያን ቀን ምሳዬን በልቼ ተኛሁ። በሳምንቱ የሪፖርቱ ግልባጭ ደረሰኝ፤ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

«በግንቡ ላይ ባልታወቁ ግለሰቦች የተለጠፉ መስታወቶች ተሰባብረው የተገኙ በመሆኑና ይህም ለአካባቢው ሕፃናት አደገኛ ሆኖ ስለ ታየ፣ ሁሉም ተነሥተው በማይሰበር ፕላስቲክ ተተክተዋል። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ተከታታይ ቁጥጥር አንድም ስብራት አልተገኘም። ስለሆነም ግንቡ አስተማማኝ መሆኑ ተረጋግጧል።»

አራት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ባለቤቴ ትን ያለኝ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች። ከዚያ ሳቁ ሄደና ሌላ ነገር መጣ። ሰዎቹ ቢዋሹ ኖሮ ደስ ባለኝ፤ ውሸታም ቢያንስ እውነቱን ያውቃል። እነዚህ ግን አልዋሹም፣ ማንም መጥቶ አፋቸውን አላስያዛቸውም፣ ለሕፃናቱ ከልባቸው አዝነው ነው ያደረጉት። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ማለት ይኼ ነው። የሕፃናቱን ጣት ከመስታወት አዳኑና ሕፃናቱን ከነጣታቸው ለግንቡ ተዉለት። ፕላስቲኩ ዛሬም በቦታው አለ፤ ሲሳብ ሲሳብ ቆይቶ እንደ ላስቲክ ቀጥኗል፣ ግን እንደ ተባለው አልተሰበረም።

፬ኛ. ስለ ጤና ምክሩ እናመሰግናለን። ከግንቡ እግር ሥር ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይወጣል፤ ይህ በራሱ አያስፈራም፣ ግድብ ያልባል። የሚያስፈራው ውሃው ሲደፈርስ ነው፤ የደፈረሰ ውሃ አፈር ተሸክሞ ስለሚወጣ፣ ግድቡ ከውስጥ እየተቦረቦረ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ቀድቼ መስኮቴ ላይ አስቀምጠውና ሲጠልል አየዋለሁ። እስከ ሦስት ሳምንት በፊት ድረስ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ከብርጭቆው ሥር እንደ ዱቄት ያለ ቀይ ነገር መታየት ጀመረ። ዛሬ ጠዋት የዘቀጠው አፈር የትንሿን ጣቴን ውፍረት አክሏል። ባለቤቴ ብርጭቆውን እያየች «ይህን ነገር ከመስኮቴ ላይ አንሣልኝ፣ ወይ ደግሞ ዕቃችንን አውጣ» ብላኛለች፤ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው የሰጠችኝ፣ ሁለቱንም አላደረግኩም።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ብርጭቆ በጨርቅ ሸፍኜ፣ እንዳይፈስ በሁለት እጄ ይዤ፣ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ወረፋ ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ፣ የተቀበሉኝ ኃላፊ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁና በትልቅ መዝገብ ላይ ጻፉ። ከዚያም በርኅራኄ «አባት፣ ይህን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡት» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ምክሩን ለግንቡ አላደረስኩለትም።

፭ኛ. በመጨረሻም መልስ ስለ ሰጡን እናመሰግናለን፤ መልስ የማይሰጡ ብዙ ናቸውና። ባለፈው ወር እኔና አርባ ሁለት ወላጆች ፈርመን ሁለት ነገር ብቻ ለምነን ነበር። አንደኛው፣ የዝናቡ ወራት ሳይገባ ፋብሪካው ለስድስት ሳምንት ማጠብ አቁሞ ውሃው በሦስት ሜትር እንዲቀንስ፤ ሁለተኛው፣ እስከዚያው መዋዕለ ሕፃናቱ ከሰፈሩ በላይ ወዳለው የስብሰባ አዳራሽ እንዲዛወር። በማኅተም የደረሰን መልስ እንዲህ የሚል ነው፦ ሐይቅ ማጉደል በአካባቢ ጥበቃ ረድፍ የተመዘገበውን ውጤት ስለሚቀንስ፣ ፋብሪካውን ማቆም ደግሞ በዕድገት ረድፍ ያለውን ግብ ስለሚጎዳ፣ ጥያቄው ሁለቱንም ሳህን በአንድ ጊዜ የሚያቃልል ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ በሚካሄደው የዕቅዱ አጋማሽ ክለሳ ላይ ይታያል። አዳራሹን በተመለከተ፣ ለዕቅዱ ማብራሪያ ስብሰባዎች የተያዘ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ዕድገትን ብንጠይቅ ተፈጥሮ ትከለክለናለች፤ ተፈጥሮን ብንጠይቅ ዕድገት ይከለክለናል። ሁለቱ ሲጣሉ ነው ስንል የኖርነው፤ ለካ እኛን ለመመለስ ሲሆን ይስማማሉ።

አሁን ቁጥር የማልሰጠው አንድ ነገር አለኝ፤ ምስጋናም ስላልሆነ ነው። ዕድገት ጠላቴ አይደለም። የልጄ ባል በዚያው ፋብሪካ የመጫኛ ማሽን ይነዳል፤ የፌንጣ ጫማ፣ የቤታቸው ጣሪያ፣ እኔም በበዓል ቀን የምለብሰው ኮት የመጣው ከዚያው ኮረብታ ነው። ፋብሪካው ይዘጋ የሚል ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም፤ ቢኖርም ሚስቱ ቤት አታስገባውም። ከሰባት ዓመት በፊት ግድቡ ለሁለተኛ ጊዜ ከፍ ሊደረግ ሲል፣ የፋብሪካው መሐንዲስ የታችኛውን ግንብ የሠራው ሰው ይጠየቅ ብለው አስጠሩኝ። ግንቡ የተነደፈው ለስድስት ሜትር እንደሆነ አውቃለሁ፤ መሠረቱን በእጄ ነው የለካሁት። «ይሸከማል?» አሉኝ። የልጄ ባል የተቀጠረው በዚያው ሳምንት ነበር። «ይሸከማል» አልኩ። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ በሚወጣው ሪፖርት ሁሉ ሥር ይህች ቃል ፈርማ የማያት ይመስለኛል። ስለዚህ የምጽፍልዎ ንጹሕ ሆኜ እንዳይመስልዎ፤ በግድቡ ውስጥ የእኔም ዝምታ ተደልድሏል። እርስዎ ያልተናገሩት ስላላወቁ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው።

ፍርሃቴንም በዚሁ ልናገረው። ሰው እንደሚለው በዓይነ ሕሊና የሚመጣ ነገር አይደለም፤ በጆሮ ነው የሚመጣው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር፣ የጎረቤት በር በነፋስ በተዘጋ ቁጥር፣ ሁላችንም አንድ ጊዜ ቀና ብለን ወደ ኮረብታው እናያለን፤ ከዚያ ማንም እንዳላየ ሆኖ ሥራው ይቀጥላል። ፀጉር አስተካካዩ ባለፈው ሳምንት የደንበኛውን ጆሮ ቆረጠው፤ ሁለቱም ያዩት የነበረው ወደ ላይ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኔ ግን ተረቱ እንዲዋሽ ነው የምጸልየው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እኛም እነሆ በየስብሰባው ስንስቅ፣ ስናጨበጭብ፣ ስንመሰጋገን ከረምን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ልመናችንን በአጭሩ እደግመዋለሁ፦ ውሃውን በሦስት ሜትር ያጉድሉልን፤ ልጆቹን ከግንቡ ሥር ያንሡልን። በሠንጠረዡ ላይ ሐይቁ ሐይቅ ተብሎ ቢቆይ አንቃወምም፤ ከፈለጉ ስም ያውጡለት፣ እኛም ስንጠየቅ አዎ ሐይቅ ነው እንላለን፤ ብቻ ያጉድሉት።

ውድ ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ የሥራ ዘመንዎ የተባረከ፣ ግራፍዎ ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ከቢሮዎ መስኮት የሚታየው ኮረብታም ኮረብታ ብቻ ሆኖ የሚቀር ይሁንልዎ ዘንድ በመመኘት፣

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ድንጋጤ ጋር፣

ከሐይቁ ሥር የሚኖር፣ ግንቡን የገነባ፣ «ይሸከማል» ያለ፣ የሁለት መምህራን የአንዷ አባትና የአርባ ስድስት ሕፃናት የአንዷ አያት

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ሳልጠቅሰው ያለፍኩት አንድ የሚዛን ጥያቄ ስላለኝና በዚህ ረገድ ከእርስዎ የበለጠ ባለሙያ ስለማላውቅ፣ በትሕትና አቀርበዋለሁ። ሕፃናቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ይተኛሉ። ልጄ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ሆና ግንቡ ቢናድ ብላ ከመኝታ ክፍሉ ጭቃው እስከማይደርስበት ከፍታ ድረስ በእግሯ ለክታዋለች፤ የነቁትና መሮጥ የሚችሉት ገመድ ይይዛሉ፣ ሁለቱ መምህራን ደግሞ እያንዳንዳቸው ሁለት ሕፃን ብቻ አቅፈው መሮጥ ይችላሉ። ከአርባ ስድስቱ ያን ያህል ርቀት መሮጥ የማይችሉት ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ፌንጣም ትዘላለች እንጂ ሩቅ ስለማትሮጥ ከእነሱ አንዷ ናት። ባለፈው እሑድ ልጄ ቤቴ መጥታ፣ እናቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ፌንጣን ካነሣሁ የሌሎቹን እናቶች በምን ዐይን አያቸዋለሁ? ካላነሣኋትስ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የማውቀው ድንጋይ ነው። እርስዎ የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይነሣ የሚለውን በየቀኑ በእስክሪብቶ የሚወስኑ ስለሆኑ፣ የዐሥራ አንዱን ስም ዝርዝር ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ፤ እባክዎ በአራቱ ላይ ምልክት ያድርጉልን። ማኅተም አያስፈልገውም። ብቻ ይፍጠኑ፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን የምትከፍተው እሷ ናት።